ለልጆች መጻፍ ለምትፈልጉ፦ አንድ መጽሐፍ አይበቃም

ለአዋቂዎች የሚጽፍ ደራሲ አንድ ታላቅ ልብ ወለድ ጽፎ ዕድሜውን ሙሉ ሊከበርበት ይችላል። አንባቢው በሃያ ዓመቱ ያነበዋል፣ በስድሳ ዓመቱም ይመለስበታል። የልጆች ደራሲ ይህ ዕድል የለውም፤ አንባቢው ያድግበታል። ዛሬ ጣቱን ከፊደሉ ሥር እያስኬደ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ላብ የሚያጠምቀው ልጅ፣ በመጪው ዓመት ያንኑ መጽሐፍ ለታናሹ ትቶ ሌላ ይጠይቃል። ሌላ ካላገኘ ወደ ኳሱ ይሄዳል፤ ንባብም የፈተና ነገር ብቻ ሆኖ ይቀርበታል። እኔ ብዙ የጻፍሁት በዚህ ምክንያት ነው። ብዕሬ ስለፈጠነ ወይም ሐሳብ ስለጎረፈልኝ አይደለም። ለአንድ ልጅ አንድ መጽሐፍ ሰጥቶ ዝም ማለት፣ እጁን ይዞ ወንዙ መሀል ካደረሱ በኋላ መልቀቅ ስለሚመስለኝ ነው።

ይህን የምጽፈው ረቂቃቸውን ይዘው ደብረ ማርቆስ ድረስ ለሚመጡና ምክር ለሚጠይቁኝ ወጣቶች ነው። ለእያንዳንዳቸው በተናጠል የምነግረውን አንድ ላይ ባስቀምጠው ብዙ ሰው ይጠቀምበታል ብዬ አምናለሁ።

ሥራዬ መምህርነት ነበር። ከጮቄ ተራራ ግርጌ በምትገኝ የገጠር ትምህርት ቤት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል አስተምር ነበር። በክፍሉ ውስጥ ከመማሪያ መጽሐፉ በቀር የሚነበብ ነገር አልነበረም፤ እሱም ለብዙ ልጅ አንድ ነበር የሚደርሰው። ልጆቹ ግን ተነሥተው ሲያነቡ ደስ ይላሉ፤ አንዲት ቃል አይስቱም። ነገሩ ግልጽ የሆነልኝ አንዲት ልጅ ቅጠሉን ሳትገልጥ የሚቀጥለውን ገጽ አንድ በአንድ ስትወጣው ነው። መጽሐፉን በቃሏ ይዛዋለች። ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ያሉት የጎጃም ምድር በቃል መያዝን እንደ ትልቅ ሀብት ይቆጥረዋል፤ እኔም አከብረዋለሁ። ይሁን እንጂ ልጅ ማንበቡ የሚታወቀው ከዚህ በፊት አይቶት በማያውቀው ጽሑፍ ላይ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ አዲስ አጭር ታሪክ እየጻፍሁ በማኒላ ወረቀት ግድግዳው ላይ መለጠፍ ጀመርሁ። ታሪኩ ሳምንት ሳይሞላው በቃል ይያዛል፤ ሌላ ያስፈልጋል። ያም ይያዛል፤ ሌላ ይጻፋል። ለልጆች ብዙ መጻፍን የተማርሁት ከዚያ ግድግዳ ነው። ኋላ ላይ መጽሐፍ ሆነው የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቼም ከዚያው ግድግዳ የወረዱ ናቸው።

መነሻዬ ተረት ነበር፤ ለብዙዎቻችሁም መነሻው ይኸው ይሆናል። ማታ እሳት ዳር «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ ሳይመልስ ያደገ የጎጃም ልጅ አላውቅም። ከአገራችን የወጡ ትልልቅ ደራስያንም ይህን መንገድ አልናቁትም። ሐዲስ አለማየሁ ታላቁን ልብ ወለዳቸውን ከማሳተማቸው በፊት የተረት መጽሐፍ አሳትመዋል። የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤም መምህር በነበሩበት ዘመን ተማሪዎች የሚዘምሯቸውን መዝሙሮች ይደርሱ ነበር። አባባ ተስፋዬ እየተባሉ የሚጠሩት ተስፋዬ ሣህሉም በቴሌቪዥን ተረት እየነገሩ ከአንድ ትውልድ በላይ አሳድገዋል። ተረት የሕዝብ ስለሆነ ማንም ሊጽፈው ይችላል፤ የእናንተ የሚሆነው አነጋገራችሁ ነው። ነገር ግን ተረት ላይ ቆማችሁ አትቅሩ። አያ ጅቦና እሜቴ ጦጢት ደስ ይላሉ፤ ልጁ ግን ራሱንም በመጽሐፍ ውስጥ ማየት ይፈልጋል። በጮቄ ብርድ ጋቢ ደርቦ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ፣ እናቷ ጉሊት የምትቸረችር ልጅ፣ ወንድሟ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ፣ ከትምህርት መልስ ጥጃ የሚጠብቀው ልጅ፣ እነዚህ ሁሉ ስለ እነሱ የተጻፈ ነገር ሲያገኙ ዓይናቸው ሲበራ አይቻለሁ።

ረቂቅ ሲያልቅ መጀመሪያ የማደርገው ለልጆች ማንበብ ነው። ለጓደኛ፣ ለባለቤት ወይም ለባልደረባ ማንበብ ጥሩ ነው፤ የልጆችን ጆሮ ግን አይተካም። አንድ ጊዜ ከመንጋ ተነጥላ ወደ ገደል ስለምትሄድ በግና ስለ እረኛዋ የጻፍሁትን ለሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ሳነብ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ ወንጭፉን ወዴት ወረወረ?»

ረቂቁ የሚለው «ወረወረ» ብቻ ነበር። «አንተ ብትሆን ወዴት ትወረውር ነበር?» አልሁት። ብድግ ብሎ የሌለ ወንጭፍ ከራሱ በላይ አዞረና ለቀቀው። «ከፊቷ ነዋ! ድንጋዩ ከፊቷ ሲያርፍ ደንግጣ ትመለሳለች። ከኋላዋ ካረፈ ግን ጭራሽ ወደ ገደሉ ትሮጣለች።»

ታሪኩ ልቡን ያገኘው በዚያች ቅጽበት ነው። በታተመው መጽሐፍ ውስጥ እረኞቹ ሁለት ሆነዋል፤ ታናሽየው ከኋላዋ ይወረውራል፣ በጓ ወደ ገደሉ ትፈጥናለች፤ ታላቅየው ደግሞ ሮጦ ደርሶ ከፊቷ ይወረውራል። ይህን ከየትኛውም የድርሰት መምሪያ አላገኘውም ነበር። በየክፍሉ እንዲህ ያለ ልጅ አለ፤ ጊዜ ሰጥቶ መጠየቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ካነበብሁላቸው በኋላ ጽሑፉን ለአንድ ልጅ ሰጥቼ እሱ እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ። በዚህ ጊዜ ምንም አልናገርም፤ የቆመበትን ቦታ ሁሉ በሌላ ቅጂ ላይ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ልጅ የሚቆመው ቃሉን ስለማያውቀው ሊሆን ይችላል፤ ወይም ፊደሉ ይከብደዋል፤ እንደ ሟ፣ ቧ፣ ጓ ያሉት ለጀማሪ ፈተና ናቸው። ከሁሉ በላይ ግን የሚያቆመው የዓረፍተ ነገር ርዝመት ነው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ዋናው ግስ፣ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ቀስ ብሎ የሚያነብ ልጅ እዚያ ሳይደርስ ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋበታል። ይህን ዓረፍተ ነገር እዩት፦ «ከእናቷ ጋር ወደ ገበያ ስትሄድ መንገድ ላይ ያገኘችውን ቡችላ ወደ ቤት ይዛ የመጣችው አልማዝ አባቷን ፈራች።» ለእኛ ምንም አይደለም። ለሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን አልማዝ እስክትመጣ ቡችላው ተረስቷል። እንዲህ ብትሉትስ? «አልማዝ ገበያ ሄደች። መንገድ ላይ ቡችላ አገኘች። ወደ ቤት ይዛው መጣች። አባቷን ግን ፈራች።» ሐሳቡ ያው ነው፤ ልጁ ግን በእያንዳንዱ አራት ነጥብ ላይ አንድ ነገር ጨርሶ ትንፋሽ ይወስዳል። ዓረፍተ ነገር መቁረጥ ጽሑፍን ማቅለል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ረጅሙን ጽፎ መተው ይቀላል፤ አጭሩን አጭር አድርጎ ዜማ መስጠት ነው ሥራው።

የፊደል አጣጣል ላይም ጥብቅ ሁኑ። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ አንድ ድምፅ ስለሆኑ አዋቂ አንባቢ እንዳሻን ብንጽፍ ይረዳናል። ገና ፊደል የሚለይ ልጅ ግን «ፀሐይ»ን በአንድ ገጽ በፀ፣ በሌላው በጸ ካየው ሁለት ቃል ይመስለዋል። እኔ የምጠቀምባቸውን ቃላት ከመማሪያ መጽሐፉ አጻጻፍ ጋር እያስተያየሁ በደብተር መዝግቤ ይዣለሁ፤ አዲስ መጽሐፍ በጻፍሁ ቁጥር በዚያ አርማለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልመለስ። ስትጽፉ አንድ ልጅ በዓይነ ሕሊናችሁ አስቀምጡና ደረጃ በደረጃ ተከተሉት። ሲጀምር በአንድ ገጽ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ የቀረውን ስዕሉ ይናገራል። ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ይሸከማል፤ የሚደጋገም ሐረግም ይወዳል። ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ላይ አጫጭር ምዕራፎች ያሉት መጽሐፍ ስጡት፤ «ምዕራፍ ሁለትን ጨረስሁ» ብሎ የሚመካበት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው ነው እኔን የሚያሳስበኝ። የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ የጅብና የአህያ ተረት ሲሰጡት ተንቄአለሁ ብሎ ይተወዋል፤ የአዋቂ ልብ ወለድ ሲሰጡት ይከብደዋል። ብዙ አንባቢ የምናጣው በዚህ ዕድሜ ይመስለኛል፤ የምንጽፈው ደግሞ በአብዛኛው ለታናናሾቹ ነው። ጉልበት ያላችሁ ወጣቶች ወደዚህ ብታዘነብሉ ትልቅ ውለታ ትውላላችሁ። እኔ ያደረግሁት አንዲትን ባለታሪክ ከአንባቢዎቿ ጋር ማሳደግ ነው፤ በመጀመሪያው መጽሐፍ ፊደል ትቆጥራለች፣ በኋለኛው ከዘመዶቿ ርቃ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር ተማሪ ትሆናለች። በየሳምንቱ ስንቋን ከገጠር ተሸክማ የምትመጣ ተማሪ በየከተማችን ስላለች አንባቢዎቼ ወዲያው ያውቋታል።

ስለ ስዕል ጥቂት ልበል። የልጆች መጽሐፍ ሰዓሊ ረዳት አይደለም፤ ግማሹ ደራሲ ነው። ጽሑፉን ከመስጠቴ በፊት ባዶ ወረቀት አጥፌ ትንሽ መጽሐፍ እሠራለሁ፣ በየገጹ የሚገባውን ጽሑፍ በእርሳስ እከፋፍላለሁ። በሽቦ የሚሰፋ ቀጭን መጽሐፍ የገጹ ብዛት ለአራት መካፈል አለበት፤ 16፣ 24 ወይም 32 ገጽ የሚበዛው ለዚህ ነው። ይህን አስቀድማችሁ ካላወቃችሁ ታሪኩ በ18 ገጽ ያልቅና ወይ ትቆርጡታላችሁ ወይ ባዶ ገጽ ትከፍሉበታላችሁ። ከፋፍላችሁ ስታዩት ደግሞ ቅጠል የሚገለጥበትን ቦታ ታገኛላችሁ። «በሩ ተንኳኳ» የሚለውን በቀኝ ገጽ ግርጌ አስቀምጡት፤ ማን እንደመጣ ከገለጡ በኋላ ይታይ። ሰዓሊው የአካባቢውን ኑሮ የሚያውቅ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ካላወቀም ይዤው ገጠር እወርዳለሁ። የገበሬ ልጅ ሞፈርና ቀንበር ተዛብቶ ከተሳለ ታሪኩን ትቶ ስዕሉን ያርማል። የጣና ልጅም ታንኳው ከደንገል የተሠራ መሆን አለመሆኑን አንድ ጊዜ አይቶ ይነግራችኋል። ስዕሉ ጽሑፉ የተናገረውን እንዳይደግምም ተነጋገሩ። ጽሑፉ «አልማዝ ፈራች» ካለ፣ ስዕሉ ቡችላውን ከቀሚሷ ሥር ደብቃ ያሳያት።

የኅትመቱ ጉዳይ አሰልቺ ቢሆንም ብዙ ሰው የሚጎዳው በእሱ ስለሆነ ሳላልፈው ልናገር። ጽሑፋችሁን በዩኒኮድ ፊደል፣ ማለትም በየትኛውም ኮምፒውተር በሚነበበው የፊደል አሠራር ጻፉ። በቆዩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ፋይል ከዓመታት በኋላ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይመጣል፤ ብዙ የሚጽፍ ሰው ደግሞ የድሮ ሥራውን ደጋግሞ ያሳትማል። ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ከኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ውሰዱ፤ ብዙ የኢትዮጵያ መጻሕፍት 978-99944 እያለ በሚጀምረው ይታወቃሉ። በተከታታይ ለሚወጡ መጻሕፍት ለእያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ያስፈልገዋል። ከታተመ በኋላም ቅጂዎችን እዚያው ማስቀመጥ አትርሱ።

መብታችሁን የሚጠብቀው ሕግ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ይህ ማለት ዛሬ በአንድ ፊርማ የምትሸጡት የልጆቻችሁንም ነው። ስለዚህ ከአሳታሚ ጋር ስትዋዋሉ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ስንት ቅጂ እንደሚታተም፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ድጋሚ ሲታተም ምን እንደሚከፈላችሁ፣ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎም ወይም በሬዲዮ ሲቀርብ ፈቃዱ የማን እንደሆነ ይጻፍበት። ከሰዓሊው ጋርም እንዲሁ። አንድ አሳታሚ ተከታታይ መጻሕፍቴን ከነባለታሪኳ በአንድ ጊዜ ክፍያ ሊወስድ ፈልጎ ነበር፤ ገንዘቡም ለመምህር ደመወዝ የሚያጓጓ ነበር። እምቢ አልሁ። ያኔ ተስማምቼ ቢሆን ኖሮ የሚቀጥለውን መጽሐፍ ለመጻፍ የራሴን ልጅ ከሰው ቤት መለመን ይሆንብኝ ነበር። ሌላው ችግር ፎቶ ኮፒ ነው። ባለቀለሙን መጽሐፍ ጥቁርና ነጭ አባዝተው የሚሸጡ አሉ። ከገንዘቡ ይልቅ ልጁ የሚያገኘው የጠቆረ ስዕል ያናድደኛል።

በገቢ በኩል ሐቁን ልንገራችሁ። አንድ የልጆች መጽሐፍ ቤት አያቆምም። የወረቀት ዋጋ እየናረ በመሄዱ ባለቀለም መጽሐፍ አሳትሞ ወላጅ በሚችለው ዋጋ መሸጥ ከባድ ሆኗል። እኔን ያቆየኝ ሁለት ነገር ነው፤ መምህርነቱን አለመልቀቄና የመጻሕፍቱ ብዛት። ከእያንዳንዱ የሚገኘው ጥቂት ነው፤ ሲጠራቀም ግን የድሮው የአዲሱን ማተሚያ ይሸፍናል። ሽያጩም ወቅት አለው። መስከረም ላይ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ይሸጡላችኋል፤ ሆኖም ያኔ ወላጅ ደብተርና ልብስ ሲገዛ ኪሱ ይሟጠጣል። በጎጃም ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ የሚገባው ጤፉ ከተወቃ በኋላ ነው። ስለዚህ በታኅሣሥና በጥር የገበያ ቀን እየተከተልሁ ከደጀን እስከ ቡሬ ባሉ ከተሞች አዟዟሪዎችን አሰማራለሁ። አባት ለልጁ መጽሐፍ የሚገዛው ያኔ ነው።

በቅርብ ዓመታት በክልላችን በነበረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ አጻጻፌን የቀየረ ነገር ተማርሁ። መጽሐፍ መምህር በሌለበት ቤት ብቻውን ሊቆም ይገባዋል። ከዚያ ወዲህ በሚወጡት ላይ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ የፊደል ገበታ አስገባለሁ፤ በመጨረሻው ገጽ ደግሞ ታላቅ እህት ወይም ወንድም ለታናሽ የሚያነሧቸው ጥያቄዎች አሉ። «በጓ ለምን ሮጠች?» ዓይነት ጥያቄ ነው፤ መልሱ ከታሪኩ ውስጥ የሚገኝ፣ ያልተማረች እናት ጭምር ልትጠይቀው የምትችል። ለመጻፍ ብዙም አያደክምም፤ ጥቅሙ ግን ከፍ ያለ ነው። ሁላችሁም ብታስገቡት እመኛለሁ።

በአዊ ዞን ልጆች በአዊኛ ስለሚማሩ መጻሕፍቶቼ ወደዚያ ቋንቋ ቢመለሱ ደስ ይለኛል። ቋንቋው የእናቱ የሆነ ሰው አንብቦ እንደ አዲስ ቢተርከው እመርጣለሁ፤ ስሙም ከእኔ ስም አጠገብ ሽፋኑ ላይ ይግባ። በዳንግላና በእንጅባራ አካባቢ ያላችሁ መምህራን ከመተርጎም አልፋችሁ የራሳችሁን ብትጽፉ ደግሞ ይበልጥ ያስደስተኛል።

ስለ ጊዜ አያያዝ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። እኔ የምጽፈው ማለዳ፣ ቤቱ ሳይነቃ ነው፤ ማታ የጻፍሁት ይረዝምብኛል። ቀን ቀን ልጆች የሚጠይቁትን በኪስ ደብተር እመዘግባለሁ፤ «ጨረቃ ለምን ትከተለናለች?» ከሚል አንድ ጥያቄ አንድ መጽሐፍ ይወጣል። ረጅሙን ሥራ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በክረምት አስቀምጣለሁ። ከመስከረም በፊት ባሉት ወራት ማተሚያ ቤቶች በደብተርና በመማሪያ መጻሕፍት ስለሚጨናነቁ፣ ለትምህርት መክፈቻ እንዲደርስ የምትፈልጉት ሥራ ስዕሉና እርማቱ አልቆ ከፋሲካ ሳይርቅ እጃቸው ይግባ። ለጥር ገበያ የሚሆነውን ደግሞ ጥቅምት ላይ ስጡ፤ ማረሚያ ቅጂውን ሳታዩ ግን እንዲታተም አትፈርሙ።